ከመኪና መንገድ ርቀን

«ለአጋዘን ስድስት ኪሎ ሜትር በእግርህ ትሄዳለህ፤ ከእኔ ጋር ግን እስከ መናፈሻው መሄድ ይደክምሃል።»

ባለቤቴ ይህን ያለችኝ የአደን ቦርሳዬን ሳዘጋጅ ነው። አልተቆጣችም፤ የልጆቹን ልብስ እያጠፈች ነበር የተናገረችው። ብትቆጣ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ በዴንቨር የምኖር የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ከወሩ ሦስቱን ሳምንት አስፋልት ላይ ነኝ። አደን ያስተማረኝ አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ ወንድም ሲሆን፣ እርሱ መንገድ ዳር ቆሞ መተኮስን አይወድም። የምንሄደው ከከተማው በስተ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ርቆ ወደሚገኘው ሆሊ ክሮስ ዊልደርነስ ነው። ስሙን ያገኘው በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ በሚቀር በረዶ የመስቀል ቅርጽ ከሚታይበት ተራራ ነው። በ1964 የወጣው ሕግ እንደዚህ ባሉ ስፍራዎች ሞተር ያለውን ተሽከርካሪ ብቻ ሳይሆን ብስክሌትንና የሥጋ መጫኛ ጋሪን እንኳ ይከለክላል። ፈረስ ይፈቀዳል፤ እኛ ግን ፈረስ የለንም። ስለዚህ የገደልከውን በጀርባህ ታወጣለህ። ሥጋውን ጥሎ መሄድ በኮሎራዶ ወንጀል ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የአጋዘን ፈቃዱ ዕጣ ሲወጣልኝ፣ «አንቺም ነዪ» አልኳት። እንቢ የምትል መስሎኝ ነበር። ልጆቹን ለእኅቷ ሰጥታ መጣች። አዳኝ ከሩቅ እንዲታይ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ መልበስ አለበት፤ ከ2016 ወዲህ ግን ደማቅ ሮዝም ስለተፈቀደ እርሷ ሮዙን መረጠች።

ጎህ ሳይቀድ ሽቅብ ጉዞ ጀመርን። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ቁልቁል ስለሚወርድ ጠረናችንን ወደ ኋላችን ይወስድልናል። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው ግን አየሩ ሽቅብ ይነፍሳል፤ ያን ጊዜ ከአጋዘኑ በላይ ካልተገኘህ ልፋትህ ከንቱ ነው። ደርሰን ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተቀመጥን። አራት ሰዓት ያህል ቃል አልተነጋገርንም። በዓሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን ያን ያህል ጊዜ ጎን ለጎን የተቀመጥንበትን ቀን ማስታወስ አልቻልኩም።

ጆሮው የበቅሎ የሚመስል ትልቅ ወንድ አጋዘን ከዛፎቹ መካከል ወጣ። ተኮስኩ፤ ጥቂት ሮጦ ወደቀ። ባለቤቴ አለቀሰች። ሥጋውን አውጥቼ ስጨርስ ደሙን በአፈር ሸፈንኩት። በዘሌዋውያን 17፥13 አድኖ ለሚይዝ ሰው የተሰጠው ትእዛዝ ይህ ነው፤ ሕጉ ግድ ብሎኝ ሳይሆን እርሷ እያየች እንደዚያው ትቼው መሄድ ስላልቻልኩ ነው።

ሸክሙን ተካፈልን። ቁልቁለቱን እንደ ልማዴ ቀድሜ ወረድኩ። ዞር ስል የለችም። ተመልሼ ስሄድ በወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ደከመሽ?» አልኳት።

«ያንን ልጅም ብቻዬን ነው የተሸከምኩት» አለችኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ፅንሱ ሲጨናገፍባት እኔ ሌላ ስቴት ነበርኩ። በስልክ «ጌታ ያውቃል» አልኳት። ከአራት ቀን በኋላ ቤት ስገባ ስለ ልጁ አንድም ቃል አልጠየቅኳትም። ዝምታዋን መጽናናት አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። በጉባኤም ስለ እርሷ ብርታት መስክሬአለሁ! አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ ልጸልይ ፈለግሁ፤ ነገር ግን ጸሎቱ እንደዚያ ስልክ ማምለጫዬ እንዳይሆን ፈራሁ። ሸክሜን አውርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ። ሆስፒታል ማን እንዳደረሳት፣ ለልጆቹ ምን እንዳለቻቸው፣ በልቧ ያወጣችለትን ስም ሳይቀር። ፀሐይ ጠለቀች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ወዲያው «ይቅር ብዬሃለሁ» አላለችም። «ተነሥ፣ ይመሻል» አለችኝና ተነሣች። የቀረውን መንገድ በባትሪ እያበራሁ ከኋላዋ ሄድኩ።

በማግስቱ እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል አጋዘን እንዳመጣን ነገርኳት። «ማን ባርኮ አረደው?» አለችኝ። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላ ስትስቅ ሰማኋት። ሥጋው ስብ ስለሌለው በንጥር ቅቤ ጠበሰችው። ክትፎ ያማራችሁ ካላችሁ ተዉት፤ የዱር ሥጋ በደንብ መብሰል አለበት።

ዘንድሮ ዕጣው አልወጣልኝም። ቤት በዋልኩባቸው ቅዳሜዎች መናፈሻውን አብረን እንዞራለን። እስካሁን ሁለት ጊዜ ቀርቼአለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ለምን እንደቀረሁ ጠይቃኛለች።