ጥላ ሥር ምን ይተከል? ከጌዴኦ ቡና እስከ ሜሪላንድ ሆስታ

ጌዴኦ ውስጥ ገበሬው ጥላውን ራሱ ይተክለዋል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ መሐል ላይ እንሰት፣ ከሥር ቡና። ጥላው ቡናውን ከፀሐይ ቃጠሎ ይጠብቃል፤ የሚረግፈው ቅጠል ደግሞ መልሶ አፈሩን ይመግባል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ የሚገባው ነው።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ ግን ብዙ ጊዜ ጥላውን ከነቤቱ ይረከባል። ጓሮውን ትልልቅ ኦክና ሜፕል ከልለውታል። መጀመሪያ የሚታሰበው ያው የአገር ቤቱ ነው፤ ጎመን፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ። እነዚህ ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ይቀጭጫሉ።

እንዲህ ያለውን ቦታ ከሚወዱት ተክሎች አንዱ ሆስታ ነው። መነሻው ጃፓን፣ ኮሪያና ቻይና ሲሆን ያማጋታ በተባለው የጃፓን ግዛት ለጋ ቡቃያው «ኡሩይ» እየተባለ ይበላል። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚተከለው ለቅጠሉ ውበት ነው። ለጠባብ ጓሮ «ብሉ ማውዝ ኢርስ» የተባለው ድንክ ዝርያ ይመረጣል። ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ጎኑ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። የአሜሪካ ሆስታ አብቃዮች ማኅበር የእ.ኤ.አ. 2008 «የዓመቱ ሆስታ» ብሎ መርጦታል።

ሰማያዊነቱ ግን ከላይ የተቀባ ነው። አረንጓዴው ቅጠል ላይ ስስ ሰም አለ፤ በአውራ ጣት ሲታሽ ሰሙ ይለቅና አረንጓዴ ፈለግ ይቀራል። የቀትር ፀሐይም እንዲሁ ያጠፋዋል። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝበት፣ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚሆን ቦታ ይመረጥለት፤ ውኃውም ከላይ ሳይሆን ከሥሩ ይፍሰስለት። ሜፕል አጠገብ ከተተከለ ዛፉ ውኃውን ስለሚሻማው፣ ኮምፖስት ማብዛትና በደረቅ ሳምንት በደንብ ማጠጣት ግድ ነው።

ወፍራም ቅጠሉን ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ እንደ ሌሎቹ ሆስታዎች አይደፍረውም። አጋዘን ግን ወፍራም ቀጭን ሳይል ይግጠዋል፤ አጥር ያስፈልጋል። ውሻና ድመትንም ስለሚመርዝ እነሱ ያሉበት ቤት ይጠንቀቅ።

አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች ሥሩን ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ካለ ይተወው። ሆስታ ቅጠሉን አራግፎ ለሳምንታት ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ብርድ ማረፍ አለበት። አዲስ አበባ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ስለሚሞቅ ያን ዕረፍት አያገኝም፤ ከዓመት ዓመት እየመነመነ ይሄዳል።