መንገድ የማይወድ ፍሬ

ከባሕር ማዶ መጥተው በምድራችን ሥር ሰድደው፥ ኋላም እንደ አገር ተወላጅ የተቈጠሩ ፍሬዎች ብዙ ናቸው። ፓፓያና አቮካዶ፥ ዘይቱናና ጊሽጣ የትውልድ ስፍራቸው አሜሪካ ነው፤ ማንጎም የእስያ ተወላጅ ነው። ዳሩ ግን በጭማቂ ቤት ተቀምጦ አቮካዶውንና ማንጎውን ደራርቦ ስፕሪስ የሚጠጣ ሰው፥ ከሁለት ክፍለ ዓለም የመጡ እንግዶች በአንድ ብርጭቆ እንደ ተገናኙለት አያስበውም። እንግድነታቸው ተረስቷልና።

እኔ ዛሬ ላነሣው የምወደው ግን እንግድነቱ ገና ያልተረሳለትን ካዝሚርን ነው። አንባቢ ሆይ፥ በሐረርጌ ወይም በሲዳማ ያደግህ እንደ ሆነ ይህን ስም ስትሰማ አፍህ ምራቅ ይሞላል፤ በአዲስ አበባ ያደግህ እንደ ሆነ ግን ምናልባት የሱፍ ጨርቅ ስም ይመስልህ ይሆናል። ፍሬው ሲያዩት አረንጓዴ ፖም ይመስላል። ልጣጩ ስስ ነው፤ ውስጡ ነጭ ወይም ወደ ቢጫ ያደላ፥ በማንኪያ የሚዛቅ ለስላሳ ነው። ጣዕሙን ሙዝና ኮክ አብረው የተፈጩ ይመስላል ብል ከእውነቱ ብዙ አልርቅም። የዕፅዋት ሊቃውንት ከሎሚና ከብርቱካን ወገን ይመድቡታል፤ ይሁን እንጂ የዘመዶቹ ኮምጣጣነት በእርሱ ዘንድ የለም። ትውልዱ የሜክሲኮና የማዕከላዊ አሜሪካ ከፍተኛ ስፍራ ስለ ሆነ፥ እንደ ማንጎ ቆላ ካልወረድሁ አላፈራም አይልም።

ስለ ስሙም ጥቂት ልበል። ሊቃውንቱ ካሲሚሮአ ብለው የሰየሙት ካሲሚሮ ጎሜዝ በሚባል ሰው ስም ነው። እንግሊዞች ይህን ትተው ነጭ ሳፖቴ ሲሉት፥ ከሊቁ መጠሪያ ጋር የሚገጥም ስም በአፉ ይዞ የሚገኘው የእኛ ገበሬ ነው። የጥንት የሜክሲኮ ሰዎች ደግሞ በቋንቋቸው የእንቅልፍ ሳፖቴ ይሉት ነበር፤ ሲበሉት ያስተኛል ማለታቸው ነው። ከምሳ በኋላ ወደ መዝገብ ቤት የሚመለስ ጸሐፊ ይህን ልብ ይበል! ከቀልዱ ውጭ ግን የፍሬው ዘር መርዝ ስላለበት፥ ልጆች እንዳያኝኩት መጠበቅ ይገባል።

ካዝሚር አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ መንገድ አይወድም። ከለሰለሰ በኋላ ጣት የነካው ስፍራ ሁሉ ይጠቁራል፤ የጠቆረውም ይመርራል። በ2008 ዓ.ም. ለመስክ ሥራ ወደ ወንዶ ገነት ወርጄ ሳለሁ፥ ያስተናገደን መምህር ከጓሮው ዛፍ ያወረደውን አንድ ካርቶን ሙሉ አሸከመኝ። በመኪናው ኋላ ጭኜው፥ ያን ሁሉ መንገድ እየተንገጫገጨ አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ካርቶኑ በሥሩ ርሶ፥ ፍሬውም እንደ ከሰል ጠቁሮ አገኘሁት። ከጉዞው በደኅና የተረፈው ዘሩ ብቻ ነበር። ዘሩም ብዙ ቀን ሳያድር ሊዘራ የሚገባው ስለ ሆነ፥ በዚያው ሰሞን በባዶ የወተት ጣሳ አፈር ሞልቼ ሦስት ፍሬ ዘራሁ። ከወር በኋላ አንዱ በቀለ።

በዚያ ዘመን የምኖረው በአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ነበር። የተከራይ ተክል ጎመንና ቃሪያ ነው፤ ቢበዛ ቶሎ የሚያፈራው ፓፓያ ነው። ስለዚህ ችግኙን ይዤ ወደ ባለቤቲቱ ስቀርብ እያፈርሁ ነበር።

«ይህ ነገር መቼ ያፈራል?» አሉኝ።

«ከዘር የበቀለ እስከ ሰባት ስምንት ዓመት ይፈልጋል ይላሉ፥ እማማ።»

«እንግዲያማ አንተም አትበላው፤ እኔም አልበላው» አሉና ጥቂት ዝም ብለው፥ «ይሁን፤ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ራቅ አድርገህ ትከለው» አሉ።

በእውነት የተዳቀለ ችግኝ ቢሆን በሦስት ወይም በአራት ዓመት ያፈራ ነበር፤ ነገር ግን እኔ የነበረኝ ያ አንዱ ነው። የሰሃንና የአትክልት እጣቢ ውኃ እያጠጡ ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው፤ እኔ ከቢሮ የምመለሰው እየመሸ ነበርና። ቅጠሉ እንደ አምስት ጣት ተዘርግቶ፥ ቁመቱ ከአጥሩ ቆርቆሮ አልፎ ሳለ፥ በ2013 ዓ.ም. ቤተ ሰቤ ስለ በዛ ከከተማው ጫፍ ወደሚገኝ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ተዛወርሁ። እኔ በነበርሁበት ክፍል ሌላ ባለ ትዳር ከነልጆቹ ገባበት። ዛፉን ነቅሎ መውሰድ አይቻል፤ በኪራይ ውልም ላይ ስለ ዛፍ የሚናገር አንቀጽ የለም።

በ2016 ዓ.ም. አንድ ማታ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፥ ያ ዛፍህ አፈራ። ልጆቹ ሳይጨርሱት ና» አሉኝ።

በነጋታው እሑድ ነበረና ሄድሁ። እርሳቸው ፍሬውን ገና ጠንካራ ሳለ ከነአንጓው በመቀስ እያስቈረጡ፥ በእንቅብ ጭድ ጐዝጕዘው አለስልሰውት ቈዩኝ። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፤ መጀመሪያ የወደቁትን ሦስቱን አይተው በገዛ አእምሯቸው ያገኙት ዘዴ ነው። የአዲሱ ተከራይ ልጆች በዙሪያችን ቁጢጥ ብለው እጄን ይመለከቱ ነበር። ዛፉን የእኔ ነው ለማለት አፌን አልደፈርሁም፤ ለእነርሱ እኔ ፍሬያቸውን ለመካፈል የመጣሁ እንግዳ ነኝ። እማማ አንዱን ለሁለት ገምሰው በማንኪያ እየዛቁ ሲበሉ፥ «ይህስ ጥርስ ለሌለው የተፈጠረ ነው» ብለው ሳቁ።

ብርቅ ፍሬ መብላት ዛሬ ለባለ ገንዘብ አስቸጋሪ አይደለም። ድራጎን ፍሩት የተባለው ቀዩ ፍሬ እንኳ ዋጋውን የሚከፍል ካለ፥ በአውሮፕላን ተጭኖ ከሩቅ አገር መምጣት ይችላል። ካዝሚርን ግን በደንብ ለስልሶ፥ ሳይጠቁር ለመብላት በዛፉ አጠገብ መኖር ወይም በዛፉ አጠገብ የሚኖር ወዳጅ ማፍራት ግድ ነው። እኔ እንኳ ለልጆቼ አራት ፍሬ በሁለት ታክሲ ይዤ ስመለስ፥ ምንም በጉልበቴ ላይ አቅፌ ብቀመጥ፥ ሁለቱ ከቤት ሳይደርሱ ጠቁረው ነበር። የቀሩትን ሁለቱን ልጆቼ ተካፍለው በሉ፤ ታናሽቱም ዘሩን አጥባ፥ «አባባ፥ የት ነው የምንተክለው?» አለችኝ።

አራተኛ ፎቅ ላይ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ችግኙ አሁን በበረንዳችን በአሮጌ ባልዲ ውስጥ ቆሞ ከልጅቱ ወገብ ደርሷል። የሕንፃው ኮሚቴ ባለፈው ስብሰባ ከታች ያለው ባዶ መሬት ለመኪና ማቆሚያ ይሁን ብሎ ሲከራከር፥ እኔ ከውኃ ታንከሩ ራቅ ብሎ ያለው ጥግ ለአንድ ዛፍ ይተው ብዬ ጠየቅሁ። ሰብሳቢውም፥ «መቼ ያፈራል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ጕዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።