የክሩስኮቱ ስንጥቅ

የአባባን መኪና ክሩስኮት ነጭ ፀጉራም ጨርቅ ለብሶ ነው የማውቀው። ከመሪው በስተፊት፣ ከፊት መስታወቱ ግርጌ የተዘረጋውን ያን ሰሌዳ ጋራዦቻችን ዛሬም ከጣልያን በወረሱት ስም ይጠሩታል፤ እኔም ሌላ ስም አልለመድኩለትም። ጨርቁን በየበዓሉ ዋዜማ አባባ ራሳቸው ገፈው፣ ራሳቸው በሳሙና አጥበው፣ ሲደርቅም ራሳቸው ይመልሱት ነበር። እናቴ እንኳ ልታጥበው ብትነሣ «ተይው፣ እኔ አውቅበታለሁ» ነበር መልሳቸው። ምን የሚያስተውቅ ነገር እንዳለው ጠይቄ አላውቅም። የታክሲውም፣ የጭነት መኪናውም፣ የጎረቤታችንም ክሩስኮት እንዲሁ ፀጉር ለብሶ ስለማየው፣ መኪና ሲሠራ ጀምሮ ከነፀጉሩ የሚወለድ ይመስለኝ ነበር።

መኪናዪቱ በ1983 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ አዲስ አበቤው «ዲኤክስ» የሚላት። አባባ በ1987 ዓ.ም. ከሌላ ሰው እጅ ገዟት። እኅቴ የተዳረችው በእርሷ ነው፤ እናቴም ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት የሄደችው በእርሷ ነው። ትለወጥ የሚል ሐሳብ በቤታችን ሁለት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ያውቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሲሰቅለው ሐሳቡ ቀዘቀዘ፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል ደግሞ ጨርሶ ሞተ። ያለችውን ማስታመም ብቻ ቀረ።

ከሁለት ዓመት በፊት አባባ የቆመ ሚኒባስ ስፖኪዮ ገጭተው መጡ። «መስታወቱ ጭጋግ አለው» አሉ። ይህን ቃል ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከወንበሩ ሥር ቢጫ ጨርቅ አይጠፋም፤ መብራት ባስቆማቸው ቁጥር አውጥተው የፊት መስታወቱን ከውስጥ ይወለውላሉ፣ አሻግረው ያያሉ፣ ደግመው ይወለውላሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከልቅሶ ስንመለስ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። የሊስትሮ ሣጥን ያንጠለጠለ ልጅ ከግራ በኩል ወደ መንገዱ ገባ። እኔ አየሁት፤ አባባ ፍጥነታቸውን አልቀነሱም። መሪውን ከእጃቸው ነጥቄ ጠመዘዝኩት። ልጁ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ቆሞ ትክ ብሎ አየን። አባባ ወደ እኔ ዞረው «ምን ሆነሃል?» አሉኝ። ልጁን አላዩትም ነበር።

በዚያው ምሽት ቁልፉን ወሰድኩባቸው። እናንተ የአባታችሁን ቁልፍ ወስዳችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። አልተቆጡም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ በጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ ተነሥተው ገቡ። በሳምንቱ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድኳቸው፤ ግላኮማ ተባለ። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዳር ነው፤ መሐሉን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ሕመም ስለሌለውም ሰውየው ዳር ዳሩ እየተበላ መሆኑን ሳያውቅ ዓመታት ይሄዳሉ። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለ ሐኪሙ። አባባ ዝም አሉ። እኔ ደግሞ፣ አለማወቃቸውን ተቀብዬ አዘንኩላቸው።

ከዚያ ወዲያ በመካከላችን ያለው ንግግር «ጠብታው ገባ?» እና «ገባ» ሆነ። ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ በቆመችው መኪና ገብተው ይቀመጣሉ። ቢጫውን ጨርቅ አውጥተው መስታወቱን ይወለውላሉ። በሳሎኑ መስኮት አያቸዋለሁ፤ ወጥቼ አጠገባቸው ልቀመጥ እልና እግሬ እምቢ ይለኛል።

ባለፈው ጥቅምት አዳማ እኅቴ ዘንድ ወር ገደማ ሊሰነብቱ ሄዱ። መኪናዪቱን ላሳድሳት ብዬ ተነሣሁ። ለምን ከክሩስኮቱ እንደጀመርኩ ብጠየቅ፣ ሞተሩን ስለማላውቅበት ነው እላለሁ። የሰፈራችንን ቀጥቃጭ፣ የመኪና ቦዲ የሚያቃናውን ማለቴ ነው፣ ጠርቼ ጨርቁን አብረን ገፈፍነው። ቡናማው ፕላስቲክ ሦስት ቦታ ተተርትሯል። ትልቁ ስንጥቅ ከመስታወቱ ሥር ካለው የአየር መውጫ ተነሥቶ እስከ ፍጥነት መቁጠሪያው ድረስ አንድ ስንዝር ይሆናል፤ ከንፈሮቹ ወደ ላይ ተቆልምመው ከውስጥ እንደ ደረቀ ዳቦ የሚፈረፈር ስፖንጅ ይታያል። ቀጥቃጩ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብሎ ሳቀ።

በቀኝ በኩል ካለው ጥግ፣ ጨርቁ ከተጣበቀበት ሥር፣ አራት ላይ የታጠፈ የቀጠሮ ካርድ ወደቀ። የዓይን ሕክምና ካርድ ነው። ስሙ የአባባ፣ ቀኑ እኔ ቁልፉን ከወሰድኩበት ቀን አራት ዓመት ቀደም ያለ። ለተከታዩ ቀጠሮ የተተወው ሰንጠረዥ ባዶ ነው። ቀጥቃጩ ምንድን ነው ሲለኝ «የድሮ ደረሰኝ» ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

በዚያ ቀን ሥራ አልሠራሁም። በማግሥቱ ስለ ስንጥቅ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሰው ስለ አባቱ ማሰብ ሲከብደው ስለ ፕላስቲክ ያነባል። የክሩስኮቱ ቆዳ ፒቪሲ የሚባለው ነው። ይህ ነገር በተፈጥሮው ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነ፣ ሲሠራ ዘይት መሰል ማለስለሻ ይቀላቀልበታል። ማለስለሻው ግን ከፕላስቲኩ ጋር አይዋሐድም፤ አብሮት ያድራል እንጂ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠች ከተማ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ፀሐዩ በዝግ መኪና ውስጥ ክሩስኮቱን እጅ እስከማያስነካ ያግለዋል፤ ሌሊቱ መልሶ ያቀዘቅዘዋል። በሙቀቱ ማለስለሻው በጥቂት በጥቂቱ ይተናል፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ በመጨረሻ በደካማው ቦታ ይተረተራል። የተነነውስ የት ይሄዳል? ከፊሉ ሄዶ በፊት መስታወቱ የውስጥ ገጽ ላይ ያርፋል፤ ሲወለወል የሚዘረጋ እንጂ በቀላሉ የማይለቅ ስስ ጭጋግ ይሆናል።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ወደ ግቢ ወጥቼ መስታወቱን በአልኮል በራሰ ነጭ ጨርቅ ጠረግኩት። ጨርቁ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ነጩ ፀጉር ደግሞ በጠራራ ፀሐይ መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ መንገዱን ያደበዝዝ ነበር። አባባ አልዋሹም ማለት ነው፤ መስታወቱ በእርግጥ ጭጋግ ነበረው። ካርዱ ግን በዚያው መስታወት ሥር ነበር። ሁለቱን እውነት አንድ ላይ የማስቀምጥበት ቦታ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርጄ ያልተሰነጠቀ የዲኤክስ ክሩስኮት ፈለግሁ። ያሳዩኝ ሁሉ ተሰንጥቋል፤ እኩዮች አይደሉ! ስለዚህ መጠገን ነበረብኝ። መጀመሪያ ለቦዲ በሚውለው ስቱኮ ሞላሁት። አምሮ ነበር፤ በአምስተኛው ቀን በስቱኮውና በፕላስቲኩ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ አዲስ መስመር ታየ። ስቱኮ ድንጋይ ነው፤ ክሩስኮቱ ሲሞቅና ሲበርድ ሲላወስ አብሮት አይላወስም። ቀጥቃጩ ሥራዬን አይቶ ራሱን ነቀነቀና የሚጠቅመውን ነገረኝ። ሁሉንም ፍቄ አወጣሁ። የመኪና አጣቢዎች ለዓመታት የቀቡትን ማወዣ በሳሙናና በአልኮል ደጋግሜ አጠብኩ፤ እርሱ ሳይለቅ ቀለም አይይዝም። የተቆለመሙትን ከንፈሮች በምላጭ ቆረጥኩ። ስንጥቁ ወደፊት እንዳይሄድ በየጫፉ መርፌ የሚያሾልክ ቀዳዳ በሳሁ። ከዚያ ሁለት ሆኖ ተቀላቅሎ የሚይዝ፣ ከያዘ በኋላ ግን እንደ ጎማ የሚለመጥ ማጣበቂያ ሞላሁበት።

አስቸጋሪው ቆዳውን መምሰል ነበር። የክሩስኮቱ ገጽ ለስላሳ አይደለም፤ እንደ ፍየል ሌጦ ደቃቅ ሽብሽብ አለው። ደህና በሆነው ጥግ ላይ ሳሙና ቀብቼ ሲሊኮን አፈሰስኩ፤ በማግሥቱ ልጬ ሳነሣው የሽብሽቡን ቅጂ ይዞልኝ ወጣ። ይህን ማኅተም ሙሌቱ ሳይደርቅ መጫን ያስፈልጋል። በሁለቱ ትንንሽ ስንጥቆች ላይ ደረስኩ። ትልቁን ስሠራ ግን ስልክ ጮኸ፤ እኅቴ ነበረች፣ አባባ ቅዳሜ ይመጣሉ ልትለኝ። ስመለስ ሙሌቱ ጠንክሯል። ለስላሳ እንደሆነ ቀረ። መርካቶ ያስቀመምኩትን ቡናማ ቀለም ሦስት ጊዜ ነፋሁበት፤ ለዓይን ምንም አይታይም። በርቀትም በቅርብም አይቼዋለሁ፤ አይታይም።

አባባ ቅዳሜ ከሰዓት ደረሱ። ሻይ ሳይጠጡ ወደ መኪናዪቱ ሄዱ። በሩን ከፈትኩላቸው፤ እኔም በወዲያኛው በር ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጃቸውን ወደ ፀጉሩ ዘርግተው ባዶውን ክሩስኮት ሲነኩ ጣቶቻቸው ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ ቀስ እያሉ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ስንጥቅ አለፉት። ሁለተኛውንም አለፉት። ፍጥነት መቁጠሪያው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ተመለሰ፤ ለስላሳውን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለው።

«እዚህ ጋ ነው» አሉ።

«አዎ፣ እዚያ ጋ ነው አባባ።»

እጃቸው መንገዱን ቀጠለ። በእኔ በኩል ወዳለው ጥግ ደረሰ፤ ጥጉን ዳበሰው፣ ከሥሩ ገባ፣ ትንሽ ቆየ። ምንም አላገኘም። ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ ሁለታችንም ወደ ፊት፣ ወደ ግቢው ግንብ እናያለን።

«መስታወቱ ጠርቷል?» አሉኝ።

«ጠርቷል።»

«ጨርቁን መልሰህ አልብሰው፤ ፀሐይ ይበላዋል።»

ጨርቁ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ላመጣው ወረድኩ።