ከዱባይ የመጣው ሞላ

እማዬንና አንድ ኩንታል ጤፍ ከኋላ ጭነን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስንወርድ፣ የቪትዛችን ቂጥ መሬት ሊስም ይደርስ ነበር። ዱባይ ያለችው እህታችን ይኼን ሰምታ ነው ኮይሎቨር የሚሉትን፣ ሞላው ሾኩ ላይ የተሰካበትን ዕቃ የላከችልን። (የስንት ወር ደሞዟ እንደሆነ አልነገረችንም።)

መካኒኩ አየውና ሳቀ። "የቪትዝ የኋላ ሞላና ሾክ ለየብቻ ነው የሚቀመጡት። ክብደቱን ሞላው ይሸከማል፤ ሾኩ መንጠሩን ብቻ ይገታል። ይኼ ከገባ ክብደቱ በሙሉ የሾኩ ጫፍ የሚታሰርባት ላሜራ ላይ ያርፋል። ሐረጎ መሐል ብትቀደድስ?"

ግጠመው ብለን ተከራከርን። እውነቱን ተናገሩ ካላችሁን፣ ቀይ ቀለሙ አምሮን ነበር።

"ከኋላ የምቀመጠው እኮ እኔ ነኝ" አለች እማዬ።

የፋብሪካውን ዓይነት አዲስ ሞላ አስገባን፤ ጤፉንም በአይሱዙ መላክ ጀመርን። ቀዩ ዕቃ አልጋ ሥር ነው። እህታችን በደወለች ቁጥር "መኪናዋ እንዴት ሆነች?" ትላለች።

"አውሮፕላን!" እንላታለን።