በደሴ መንገድ ያለፈው እህል

ጥር 17 ቀን 2015፣ ሐይቅ

ጎረቤቴ ጋሼ ከቡናው በኋላ ክርክራቸውን አነሱት። «መጀመሪያ ሆድ ይጥገብ፣ ልጄ። እነዚህ መብት መብት የሚሉት ረጂውን ያሸሻሉ፣ መንግሥትንም ሥራ ያስፈታሉ።» የ1965ን ረሃብ አምባሰል ቆላ ላይ ሆነው ያዩ ሰው ናቸውና ቃላቸውን አላቃልልም። እኔ ግን ከዚያው ረሃብ የምማረው ሌላ ነው።

ጥር 19

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በፈረንጆቹ 1981 ባሳተመው መጽሐፍ ወሎን አጥንቷል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጫነ እህል ነበር። ማሳው የደረቀበትና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ በምን ይግዛ? ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በዚሁ በሐይቅና በውጫሌ ነው። ሰው በሚረግፍበት አገር እህል በመኪና ያልፍ ነበር ማለት ነው። ቤተ መንግሥቱ ዝም ሲል የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ፎቶ አንስተው ግቢያቸው ውስጥ አሳዩ። ጥቅምት 1966 ላይ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ታየ፤ እርዳታው በብዛት መምጣት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ዳቦውን ያመጣው የተናገረ ሰው ነው።

ጥር 28

ከወለጋ የተፈናቀሉት ወዳሉበት መጠለያ ሄድኩ። አንዲት እናት በፌስታል የጠቀለለችውን የወለጋ ቀበሌ መታወቂያ ፈትታ አሳየችኝ። ፎቶው ደብዝዟል፤ ማኅተሙ ግን ይነበባል። አባቷ በ1977 ከአምባሰል በሰፈራ ተጭነው የሄዱ ናቸው። እሷ እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ወልዳ፣ አሁን ሸራ ሥር ናት። «የአባትሽ አገር ነው ይሉኛል፤ የምረግጠው መሬት ግን የለኝም» አለችኝ።

በዚያ ሰፈራ ወደ 600 ሺህ ሰው ተጓጉዟል፤ አብዛኛው የወሎ ሰው ነው። የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት የፈረንሣይ ክፍል «ሰውን በግድ እየጫናችሁ ነው» ብሎ በይፋ በመናገሩ በ1978 ከአገር ተባረረ። አብዛኞቹ ረጂዎች ሥራችን እንዳይቋረጥ ብለው ዝም አሉ። የጋሼ ክርክር የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው፤ ሐኪሙ ሲባረር በሽተኛው ያለ ሐኪም ቀርቷል። ቢሆንም ያባረረው የተናገረው ሰው አይደለም፣ መንግሥት ነው። ያ ማስጠንቀቂያ ተሰምቶ ቢሆን ስንቱ ቤተሰብ ከቀዬው ባልተነቀለ ነበር።

የካቲት 3

ስለ ገጠር ረሃብ የጻፉት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ናቸው በ1984 የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን (ኢሰመጉን) ያቋቋሙት። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ሕግ በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አሰረው። የኢሰመጉ ገንዘብ ባንክ ላይ ታገደ፣ አብዛኞቹ ቅርንጫፎቹ ተዘጉ። ሕጉ የተሻረው በ2011 ነው። በእነዚያ ዓመታት መንገድም ግድብም ተሠርቷል፤ አልክድም። መሬቱን የተቀማ ሰው አቤት የሚልበት ደጅ ግን ጠበበ።

በመብት ተሟጋቾችም ላይ ቅሬታ አለኝ። የዚያች እናት ቃል እንግሊዝኛ ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ይሆናል፤ ለእሷ ያነበበላት ሰው የለም። መጠለያ ገብታችሁ የሰው ቃል የምትወስዱ ሁሉ፣ የጻፋችሁትን በሚሰሙት ቋንቋ ይዛችሁላቸው ተመለሱ፤ ስማቸውንም ከአደጋ ጠብቁላቸው።