የበርሜሉ ሒሳብ



ድግስ ደግሳችሁ የምታውቁ ሁሉ «መጠጡን ምን እናድርግ?» የሚለው ጥያቄ እንግዳ አይሆንባችሁም። ምግቡ ብዙ አያከራክርም፤ ወጡን ማን እንደምትሠራ፣ እንጀራው ከማን እንደሚገዛ ከመነሻው ይታወቃል። መጠጡ ላይ ሲደረስ ግን የየሰዉ ጠባይ ይገለጣል። በኩዌት የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን ጥያቄ የሀገሩ ሕግ ዘግቶላችኋል። እዚህ ሊባኖስ ግን ቢራ በየሱቁ ስለሚሸጥ፣ መወሰኑ ለእኛው የተተወ ነው። እኔም ባለፈው ዓመት በዚሁ ጉዳይ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁና የደረሰብኝን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

የአንዲት ወዳጄን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና እንዳነሣ ተጠየቅሁ። ከጥምቀቱ በኋላ ዶራ በሚገኝ የኪራይ አዳራሽ አርባ ያህል ሰው ልንጋብዝ ተስማማን። ቀኑ እሑድ ነው። ገንዘቡ ከሁላችን ተዋጥቶ በእኔ እጅ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ የሕፃኑ አባት አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ «ሠላሳ ሊትር የሚይዝ የድራፍት በርሜል እንግዛ። ሀገር ቤት ብሆን ኖሮ ጠላው በጋን ይጠመቅልኝ ነበር። ልጄ በሰው ሀገር ስለ ተወለደ ድግሱ በጠርሙስ ተቆጥሮ ይቅረብን?»

ንግግሩ ልቤን ነካው። ዓመቱን ሙሉ በሰው ቤት ተለክቶ የሚሰጠውን የተቀበለ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይለካ መስጠት እንደሚያምረው እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ «እሺ» ለማለት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሻጩን ሄጄ ጠየቅሁ። በርሜሉ ብቻውን አይመጣም፤ መቅጃውና የጋዝ ሲሊንደሩ አብረውት ይመጣሉ፣ ለእነርሱም መያዣ ገንዘብ ይቀመጣል። በመኪና ተንገላቶ የደረሰ ቢራ እስኪረጋ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ በደንብ ካልቀዘቀዘም አረፋው ያስቸግራል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ሁሉ የበረዶ ወጪ ነው። ጋዙ ቀርቶ በእጅ በሚገፋ ፓምፕ ቢቀዳ ደግሞ አየር ስለሚገባበት ለማግሥቱ ጣዕሙን ያጣል። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አስተዋልሁ፦ አንዴ የተከፈተ በርሜል ለሻጩ አይመለስም።

ማታ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። 30 ሊትር በግማሽ ሊትር ብርጭቆ ሲቀዳ 60 ብርጭቆ ይሆናል። ከአርባው እንግዳ ሕፃናቱን፣ የሚያጠቡትን እናቶችና ከነጭራሹ የማይጠጡትን ስቀንስ 12 ሰዎች ቀሩ። ከእነዚህም አምስቱ በአሠሪዎቻቸው ቤት የሚያድሩ እኅቶች ናቸው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት መግባት አለባቸው፤ የመጠጥ ሽታ ይዘው ቢገቡ ምን እንደሚከተል ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እነርሱ አንድ አንድ ብርጭቆ ቢጠጡ፣ ለቀሩት ሰባት ሰዎች 55 ብርጭቆ ይተርፋል። ይህም ለአንድ ሰው ስምንት ብርጭቆ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

እኛ ደግሞ ምግብና መጠጥ መድፋት ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። ቀኑ ሲመሽ «እንዳይባክን» የሚለው ቃል እንደሚነሣ፣ አንዱ ሌላውን «ይህችን ብቻ» እያለ እንደሚለምነው አስቀድሞ ታየኝ። ስካር ሁልጊዜ ከስግብግብነት አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ ከቁጠባም ይመጣል።

በማግሥቱ አንዲት እኅት ደወለችልኝ። የምጽፈውን አንብቤላት ፈቅዳልኛለች። እ.ኤ.አ. በ2020 የሀገሩ ኢኮኖሚ ሲወድቅ፣ አሠሪዎቻቸው ያለ ደመወዝ ጎዳና ላይ ከጣሏቸው ብዙ እኅቶቻችን አንዷ ነበረች። በዚያ ወራት ሌሊቱን ለማለፍ ስትል መጠጥ ለመደች፤ ለመተው ግን ዓመታት ፈጀባት። ከተወች ገና ሰባት ወሯ ነበር። ይህንንም ከንስሓ አባቷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«እሑድ የሚያመኝ ይመስለኛል» አለችኝ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

ዝም አልሁ። እርሷም ቆይታ «በርሜል ልትገዙ ነው ሲሉ ሰማሁ። ጠርሙስ ቢሆን ሳላየው አልፋለሁ። በርሜል ግን ሰው ሁሉ የሚቆምበት ስፍራ ነው፤ እዚያ ካልቆምሁ ለምን እንደ ሆነ እጠየቃለሁ» አለች።

ሐሙስ ማታ ለሕፃኑ አባት «በርሜሉ ይቅር» አልሁት። ሒሳቡን አሳየሁት። ምሥጢሩ ግን የእኔ አልነበረምና አላወጣሁትም። እርሱም ተቆጣ። «ጌታችን በቃና ሰርግ ስድስት የድንጋይ ጋን ወይን ጠጅ አልሰጠምን? አንቺ ከእርሱ ልትበልጪ ነው?» አለኝ። በስስትም ጠረጠረኝ።

ያን ሌሊት ስለ ቃና አሰብሁ። እውነት ነው፤ ጌታችን የሰዎችን ደስታ አላሳነሰም። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2290 በምግብና በመጠጥ ከልክ ማለፍን እንድንርቅ ያስተምራል እንጂ መጠጥን ራሱን አይከለክልም። ነገር ግን በቃና የጎደለውን ለልጇ የነገረችው እመቤታችን ነበረች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ምን እንደ ጎደለ አስተውላለች። በእኛ ድግስ ግን ሊጎድል የነበረው ቢራ አልነበረም፤ የአንዲት እኅት ቦታ ነበር።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ሀገር ቤት ጠላው ሞልቶ ቢተርፍም፣ ጋኑ አጠገብ ሄዶ የሚቀዳ እንግዳ የለም። የሚቀዳው አሳላፊ ነው። አሳላፊ ማን እንዳልደረሰው፣ ማን እንደ በቃው፣ ማን በእጁ ብርጭቆውን እንደ ከደነ ያያል። ልግስናና ልክ በአንድ ሰው እጅ ይገናኛሉ። መቅጃው ለሁሉ ክፍት ሲሆን ግን ማንም ማንንም አያይም።

ዓርብ ጠዋት ተመልሼ ለሕፃኑ አባት እንዲህ አልሁት፦ «ሁለት ካርቶን ቢራ እንገዛለን፤ ያልተከፈተውን ባለ ሱቁ ይመልሳል። ብርዝ በብዛት እበጠብጣለሁ፤ ለሁሉም ይዳረሳል። አሳላፊው ግን አንተ ነህ። ማንም በራሱ እጅ አይቀዳም።» ጥቂት ዝም ብሎ «እሺ» አለ። ፊቱ ግን እንዳልፈታ አይቻለሁ።

እሑድ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ፎጣ በትከሻው ጥሎ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ላየው፣ ሀገር ቤት ሆኖ የሚደግስ ይመስል ነበር። ያቺ እኅት መጣች። ቢራ ሲያቀርብላት ብርጭቆዋን በእጇ ከደነች፤ እርሱም ምንም ሳይጠይቅ ብርዙን አምጥቶ ቀዳላት። ኋላም ቡናውን ያፈላችው እርሷ ነበረች። በየቤታቸው የሚጠበቁት እኅቶች በሰዓታቸው ገቡ። አሥራ አንድ ጠርሙስ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ሁሉም ግን አልተደሰተም። ሁለት ሰዎች «ቀዝቃዛ ድግስ» ብለው ሲወጡ ሰምቻለሁ። ለሕፃኑ አባትም እስከ ዛሬ የነገርሁት የሒሳቡን ምክንያት ብቻ ነው። ሒሳቡ እውነት ነበር፤ እውነቱ ሁሉ ግን አልነበረም። ይህን ሲያነብ ይገባው ይሆናል፤ ስላዘነብኝም ይቅርታውን እለምናለሁ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ በቅርቡ ልደት፣ ክርስትና ወይም ሽኝት የምትደግሱ ብትሆኑ፣ «ቢራ መግዛት ኃጢአት ነውን?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። የሚጠጣውን ቁጠሩ፤ የሚገባበት ሰዓት ያለበትንም ቁጠሩ። ከዚያም የእንግዶቻችሁን ስም አንድ በአንድ እያነሣችሁ፣ ከመካከላቸው በረቡዕ ቀን የእሑዱን ሕመም የምታስብ እኅት ወይም የሚያስብ ወንድም እንዳለ መርምሩ። ምክንያቱን ለሌላው መንገር ባትችሉም እንኳ ለእርሷ ቦታ አዘጋጁ።

እግዚአብሔር ማዕዳችንን ይባርክልን።