ጥቁር የሚለው ምርጫ

አጎቴ ከሜሪላንድ ደውሎ ሲነግረኝ እንደ ቀልድ ነበር ያወራው። ሐኪም ቤት ሄዶ ፎርም ሰጡት። «ዘር» ከሚለው ጥያቄ ሥር «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» የምትለዋ ላይ ምልክት አደረገ፤ ሌላ እሱን የሚመስል ምርጫ አልነበረማ። ሐኪሟ አየችና «ጥቁር ወንድ ስለሆንክ ፕሮስቴትህን ቀደም ብለህ ብትመረመር ጥሩ ነው» አለችው።

«እዚህ መጥቼ ጥቁር ሆንኩልህ!» ብሎ ሳቀ። ጋምቤላ ከተማ ነው ያደገው፤ ከደገኛ ቤተሰብ። ሰፈር ውስጥ እሱ «ቀዩ» ነበር። ጥቁር የሚባሉት አኙዋኮቹና ኑዌሮቹ ነበሩ፤ ቤታችን ውስጥ ቃሉ እንዴት ባለ ድምፅ ይነገር እንደነበር አስታውሳለሁ፣ ደስ አይልም። አሜሪካ ሁሉንም አንድ ምርጫ ውስጥ ከተተቻቸው።

በዚያች ምልክት ምክንያት ደሙ ታየ፤ ፒኤስኤ የሚባለው ቁጥር ከፍ ብሎ ተገኘ፣ ከዕጢው ናሙና ተወሰደ። ካንሰሩ ከዕጢው ሳይወጣ በቀዶ ሕክምና አወጡለት። ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

አባቴ ታላቅ ወንድሙ ነው። እሱ ጋምቤላ ቀረ። እሱን ማንም ምንም አልጠየቀውም።

ባለፈው ዓመት ጀዊ የሄድኩት ለሥራ ነው። ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለ የስደተኞች መጠለያ ነው። ሌይችዎር የሚባለው የቀድሞ መጠለያ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ፣ በ2007 ዓ.ም. ሰዉን ወደዚህ አዛወሩት። ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ አለው፤ አብዛኛው ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሸ ኑዌር ነው። እኔ ለአንድ ክሊኒክ በታብሌት የሚሠራ የታካሚ መመዝገቢያ ልገጥም ነበር የሄድኩት። ኔትወርክ ሲጠፋ መረጃው ታብሌቱ ላይ ይቆያል፣ ሲመለስ ይላካል። ሥራዬ ይኼው ነው።

እዚያው እያለሁ የአባቴ ውጤት ከአዲስ አበባ መጣ። ለወራት ወገቤን ሲል፣ አንድ ክሊኒክ መርፌ እየወጋ ይመልሰው ነበር። ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት እንደሚነሣ እናቴ ብቻ ነበር የምታውቀው። «ሽማግሌ ይነሣል፣ ምን አዲስ ነገር አለው» ይላት ነበር። ካንሰሩ አጥንቱ ላይ ደርሷል።

እኔ ሲጨንቀኝ አነባለሁ። ማታ ማታ ጄኔሬተሩ እስኪጠፋ፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ ቀን ከተማ ወጥቼ ያወረድኳቸውን ጥናቶች አነበብኩ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የሚሞቱበት መጠን የነጮቹን እጥፍ ያህል ነው። ለምን?

አንዱ መልስ ህዋስ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴቪድ ራይክ ያለበት ቡድን፣ ክሮሞሶም 8 ላይ 8ኪው24 የሚባል አንድ ሰፈር አገኘ። ዘዴው ደስ ይላል። የአፍሪካ አሜሪካውያን ዲኤንኤ ከአፍሪካና ከአውሮፓ ቅድመ አያቶች የተቀጣጠለ ነው። ታማሚዎቹ ላይ፣ ከሌላው ቦታ ተለይቶ የአፍሪካው ቁራጭ የሚበዛው የት ነው? ከሁለት ሰው የተገለበጠ ኮድ ውስጥ ስህተት ስንፈልግ እኛም የምናደርገው ይኸንኑ ነው፤ ፕሮግራሙ በተበላሸ ቁጥር ከማን የመጣው መስመር ይደጋገማል ብለን።

የሚገርመው፣ ሰፈሩ ባዶ ሊባል ምንም አይቀረው። ፕሮቲን የሚያሠራ ዘረመል የለበትም ማለት ይቻላል። ጎረቤቱ ግን «ማይክ» የሚባለው፣ ህዋስ እንዲባዛ የሚያዝ ዘረመል ነው። ባዶ የመሰለው ቦታ ላይ ማይክ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚወስኑ ማብሪያዎች አሉ፤ ዲኤንኤው ይታጠፍና ማብሪያው ከዘረመሉ ጋር ይገናኛል። ዋናው ኮድ ሳይነካ ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ አንድ ቁጥር ተቀይሮ ሲስተሙ ሲወድቅ ያየ ፕሮግራመር ነገሩ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ እንዲህ ያሉ 269 ነጥቦች ተደምረው ሲሰሉ፣ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ወንዶች የዘረመል ሥጋት ከአውሮፓውያኑ በአማካይ 2.18 እጥፍ ሆነ። እዚህ ጋ ቆም አልኩ። «የአፍሪካ ዝርያ» ማለት ማን ነው? ከ234 ሺህ ተሳታፊዎች አፍሪካዊ የተባሉት ከ10 አንዱን እንኳ አይሞሉም፤ እነሱም በአብዛኛው ቅድመ አያቶቻቸው ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱባቸው አሜሪካውያን ናቸው። ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ደግሞ የአማራው፣ የኦሮሞው፣ የትግራዋዩ ዲኤንኤ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ከአፍሪካ ውጪ፣ ከ3 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከመጡ ሰዎች የተወረሰ ነው። አኙዋኩ እንዲያ አይደለም፤ ከደቡብ ሱዳኖቹ ጋር ይቀራረባል።

ስለዚህ አጎቴ የመረጣት «ጥቁር» ለእሱ የተሰላች አይደለችም። ለጀዊ ሽማግሌም እንደዚያው። ግን አዳነችው። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም፤ የተሳሳተ መለያ ትክክለኛ ሥራ ሠራ።

ሌላው መልስ ከህዋስ ውጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት የአሜሪካን የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች አየ። የበሽታው ደረጃ ተመሳሳይ ሆኖ ሕክምናው እኩል የሚገኝ ሲሆን፣ ጥቁሩም ነጩም በዚህ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ተቀራረበ። እኔማ ይኼን ለማመን ጥናት አላስፈለገኝም። አባቴና አጎቴ የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው፤ ክሮሞሶም 8ን ከአንድ ቤት ነው የተካፈሉት።

በማግስቱ ነርሱ አጠገብ ተቀምጬ ታብሌቱን ስፈትሽ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ግንባራቸው ላይ ስድስቱ የጋር መስመሮች አሉ። «ማሌ» አልኳቸው፣ «ማሌ» አሉኝ። ወገባቸውን ይዘዋል። ነርሱ እኔው ከጻፍኩት ዝርዝር ላይ «የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም» የሚለውን ሊነካ ጣቱን ዘረጋ።

«ቆይ፣ ስለ ሽንታቸው ጠይቅልኝ» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። ሌሊት መነሣት አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ነገር እንደሆነ፣ ካንሰሩ ደግሞ ገና ሲጀምር ምንም ምልክት ላያሳይ እንደሚችል አስረዳኝ። አውቃለሁ፣ ማታ ሳነበው አድሬያለሁ። ያም ሆኖ ጠየቀ። አስተርጓሚዋ ወጣት ሴት ነበረች፤ ፈገግ ብላ አንገቷን ደፋችና ወንድ ልጅ ጠርታ ወጣች። ልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ረጅም ሳቅ ሳቁና አምስት ጣት አሳዩን።

ፎርሜ ላይ ይኼ የሚገባበት ቦታ አልነበረም። ነርሱ «ሌላ» የሚለው ባዶ ቦታ ላይ ጻፈው፤ ለጋምቤላ ሆስፒታልም ሪፈር አለ። ኔትወርክ ስላልነበረ መዝገባቸው «በመጠበቅ ላይ» ይላል። ውጪ ወጥቼ ስልኬን ወደ ላይ ይዤ ቆምኩ።